ስሜ የት ጋ ነው? ስለ ዲጂታል የክብር ሰሌዳዎች

ለትምህርት ቤቶችና ለድርጅቶች ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የወላጅና መምህራን ኅብረት አባላት፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራት ተወካዮች፣ ከየድርጅቱ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የምናገረው በትምህርት ቤት መግቢያ፣ በሆስፒታል እንግዳ መቀበያና በማኅበር ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ ስለሚሰቀለው ትልቅ ስክሪን ነው። ቀድሞ በዚያ ቦታ ዋንጫ የተደረደረበት የመስታወት ሣጥን፣ በፍሬም የተሰቀለ የተመራቂዎች ፎቶ ወይም የለጋሾች ስም የተቀረጸበት እምነበረድ ነበር። አሁን በስክሪን እየተተካ ነው። ስክሪኑ ሲበራ ፎቶና ስም ይመጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ያልፋል፤ ሌላው ይተካል።

እስኪ አብረን እናስላ። አንድ ትምህርት ቤት የ300 ተሸላሚዎችን ፎቶ ጭኖ እያንዳንዱ ለ8 ሴኮንድ እንዲታይ ቢያደርግ፣ ዙሩ የሚያልቀው በ40 ደቂቃ ነው። የልጇን ፎቶ ለማየት የመጣች እናት ተራው መቼ እንደሚደርስ ሳታውቅ እስከ 40 ደቂቃ ልትቆም ነው ማለት ነው። ማንም እንዲህ አይቆምም። እምነበረዱ እንኳ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ስሙ ሁልጊዜ በቦታው ነው፣ እጅ ዘርግቶ መዳሰስ ይቻላል። በብዙ ገንዘብ የተገዛው ስክሪን ፎቶ ከማሳለፍ ሌላ ሥራ ካልተሰጠው ከተተካው እምነበረድ ያነሰ ይሆናል። እምነበረዱ ፈጽሞ የማይችለውን ግን መሥራት ይችላል፤ የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚያ ነው።

"አሳታፊ እናድርገው" ስንባባል አብዛኞቻችን የምናስበው በጣት የሚነካ ስክሪን መግዛትን ነው። እኔ ግን መነካቱን ዋና ነገር አላደርገውም። አንድ የክብር ሰሌዳ አሳታፊ የሚሆነው የመጣው ሰው የራሱን ሰው ፈልጎ ሲያገኝ፣ ያ ሰው ከማን ጋር እንደነበረ ሲያይ፣ እሱም የሚያውቀውን ጨምሮ ሲሄድ ነው። ይህ ከተሟላ ስክሪኑ ቢነካም ባይነካም ሰው ፊቱ ይቆማል።

ይህን በደንብ ያሳየን ኤሌክትሪክ የማያውቀው ሰሌዳ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ የተመረቀው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። የንድፍ ውድድሩን ያሸነፈችው ማያ ሊን ያኔ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ዕድሜዋም 21 ዓመት። ከ58,000 በላይ ስሞች በተወለወለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል። የተደረደሩት በፊደል ተራ አይደለም፤ ሰዎቹ በተሰዉበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። በፊደል ተራ ቢሆን ኖሮ ስሚዝ የሚባሉት ብቻ በመቶዎች ሆነው ይሰለፉና ማን ከማን እንደነበረ ይጠፋ ነበር። በቀን ሲሆን በአንድ ውጊያ አብረው የወደቁት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከጦርነቱ የተመለሰ ወታደር የአንድ ጓደኛውን ስም ካገኘ በዙሪያው የዚያን ቀን ጓዶቹን በሙሉ ያገኛል። የት ጋ እንደሆነ የማያውቅ ሰው የሚያገላብጠው የታተመ ማውጫ እዚያው አለ። ቤተሰብ ወረቀት በስሙ ላይ አድርጎ በእርሳስ እያሸ ቅጂውን ይዞ ይሄዳል። ደብዳቤ፣ ሜዳሊያ፣ የወታደር ጫማ ትተው የሚሄዱም አሉ፤ መታሰቢያውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የተተወውን እየሰበሰበ ያስቀምጣል። አንድ ሽቦ ሳይዘረጋ ሰው ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ይወስዳል፣ ይተዋል።

ከ29 ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት መታሰቢያ ሲከፈት ይኸው ሐሳብ በኮምፒውተር ታግዞ ርቆ ሄደ። በሁለቱ የውኃ ገንዳዎች ጠርዝ ላይ የ2,983 ሰዎች ስም ተቀርጿል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ጥቃት የሞቱትና ቀድሞ በ1993 እ.ኤ.አ. በዓለም ንግድ ማዕከል ሕንጻ በተጠመደው ቦምብ የሞቱት ስድስት ሰዎች ናቸው። ከመቀረጹ በፊት ቤተሰቦች ተጠየቁ፤ የእናንተ ሰው ስም ከማን ስም አጠገብ ይሁን? ወደ 1,200 የሚሆን ጥያቄ መጣ። ወንድም ከወንድሙ፣ የሥራ ባልደረባ ከባልደረባው፣ ጓደኛ ከጓደኛው። ያን ሁሉ ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚያሟላ አደራደር በእጅ መሥራት ከባድ ስለነበር፣ ሎካል ፕሮጀክትስ የተባለው የንድፍ ድርጅትና ጀር ቶርፕ የተባለው ባለሙያ ለዚሁ ሥራ የኮምፒውተር ስሌት አዘጋጁ። ውጤቱ ግን በነሐስ ላይ የተቀረጸ ስም ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ አይታይም። ቴክኖሎጂው የሠራው የሰውን ዝምድና ለመጠበቅ ነው፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አጠቃቀም አላየሁም።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን መጨረሻ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጸሐፊው ስሙን ይጽፋል፣ ያስጻፈው ባለጸጋም ስሙ ይገባል። ጸሎቱ ግን በእነሱ አያበቃም፤ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመውና ቃሉን ለሰማው ሁሉ አንድ ላይ ምሕረት ይለመናል። ለጋሹን የሚያከብረው ጽሑፍ አንባቢውንና አድማጩንም በዚያው መስመር ይጠራቸዋል። ቆሞ የሚያነበው ሰው ተመልካች ብቻ ሳይሆን የነገሩ ባለድርሻ ነው። በዛሬዎቹ ስክሪኖቻችን ላይ ማየት የምፈልገው ይህንን ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ የምወስድበት ፍለጋው ነው። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ነገር "የማንን ስም ይፈልጋሉ?" የሚል ጥያቄ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከውጭ የሚመጡት ሶፍትዌሮች ግን የእኛን ስም መፈለግ አይችሉም፤ የተሠሩት ለሌላ የስም ሥርዓት ነው።

ፊደሉን እንውሰድ። ፀሐይ የሚባል ስም ስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? የመጀመሪያው ድምፅ ሁለት ፊደል አለው፤ ጸ እና ፀ። ሁለተኛው ድምፅ ስድስት አለው፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12 አጻጻፍ። መዝገብ ቤት በአንዱ መዝግቧት እሷ በሌላው ብትፈልግ ኮምፒውተሩ "አልተገኘም" ይላታል። ለ40 ዓመት ስሟን ስትጽፍ የኖረች ሴት በራሷ ትምህርት ቤት ግድግዳ ፊት ቆማ "የለሽም" ስትባል አስቡት። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ቅጂ ይያዛል። አንዱ ባለቤቱ የሚጽፈው ነው፤ በስክሪኑ የሚታየው እሱ ብቻ ነው፣ ማንም አያርመውም። ሌላው ከኋላ የተደበቀ የፍለጋ ቅጂ ነው፤ በእሱ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ይጠቃለላሉ። ፈላጊው የሚጽፈውም እንዲሁ ተጠቃልሎ ይነጻጸራል። አንድ የፕሮግራም ባለሙያ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ግን ካልተነገረው አያስበውም።

ከዚያ ምሕጻሩ አለ። በሮስተር ላይ ገ/መድኅን፣ ኃ/ማርያም፣ ወ/ጊዮርጊስ ተብለው የተጻፉ ተማሪዎች ራሳቸውን ሲፈልጉ ገብረመድኅን፣ ኃይለማርያም፣ ወልደጊዮርጊስ ብለው ሊጽፉ ይችላሉ፤ አንዱ አጋጥሞ ሌላው ለያይቶ። ፕሮግራሙ ሁሉንም አንድ አድርጎ ማወቅ አለበት። ወ/ሮ እና ወ/ሪት ግን ማዕረግ ናቸው፤ ወ/ ያለበትን ሁሉ ወልደ ብሎ የሚዘረጋ ፕሮግራም ሌላ ስሕተት ይፈጥራል። ማዕረግ ሁሉ፣ ዶ/ር ይሁን ኢንጂነር፣ ለብቻው በሌላ ዓምድ ይቀመጥ። አለዚያ ዶክተሮች በሙሉ ደ ሥር ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ።

የውጭው ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ በእሱም ይደረድራል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ስለዚህ መደርደሪያው የራስ ስም ይሁን፤ ተመሳሳይ ሲሆን የአባት፣ ከዚያ የአያት። አበበ ብሎ ለሚፈልግ ሰው ብዙ አበበዎች ስለሚመጡለት በዓመተ ምሕረትና በክፍል ማጥበብ የሚችልበት ቁልፍ አጠገቡ ይኑር። እዚህ ላይ የእኛ ባህል የሚሰጠን ትልቅ ጥቅም አለ። በምዕራባውያን ትምህርት ቤቶች ያገቡ ሴቶች ስማቸውን ስለሚቀይሩ የድሮ ተማሪን ማግኘት ራስ ምታት ነው። በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟ አይቀየርም፤ በ8ኛ ክፍል የነበራት ስም ዛሬም ስሟ ነው። ወደ አሜሪካ የሄዱት ግን የአባት ወይም የአያት ስማቸው የቤተሰብ ስም ሆኖላቸዋል፣ አንዳንዶቹም የባላቸውን ስም ይዘዋል። ለእነሱ "የአሁን ስም" የሚል ተጨማሪ ቦታ ያስፈልጋል።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ያለው "በ66 ነው የጨረስኩት" ይላል፤ ሚኒሶታ ያለው የክፍል ጓደኛው "በ1974" ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስክሪኑ ሁለቱንም ተቀብሎ ወደ አንድ ባች ማምጣት፣ ሲያሳይም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ መለየት አለበት። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ሰውን ከክፍሉ አውጥቶ ከታናሽ ወንድሙ ክፍል ያስገባዋል።

የትምህርት ቤቱ ስም ራሱ ደግሞ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተማሩ እናቶች አሉ፤ ልጆቻቸው የካቲት 12 ተማሩ። አንድ ግቢ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን እንጦጦ ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በድሮው ስም የሚፈልግ ሰው ወደ አዲሱ ይመራ፤ በገጹ ላይ ግን ሰውየው በተማረበት ዘመን የነበረው ስም ይጻፍለት። የእቴጌ መነን ተማሪ የእቴጌ መነን ተማሪ ናት።

ለመጻፊያው ኪቦርድም አስቡ። 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በስክሪን መደርደር ሰው ያስደነግጣል። 33ቱ ግዕዞች ይታዩ፣ አንዱ ሲነካ ሰባቱ ቤቶቹ ይዘርጉ። በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደ ወጣትም መንገድ ይኑረው። በኦሮምኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉን፤ ስሙን በቁቤ የሚጽፍ ልጅ ስሙ በቁቤ ይታይለት፣ አያቱ በግዕዝ ፊደል ብትፈልገውም ታግኘው።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ጨምሬ ከፍለጋው እወጣለሁ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የምረቃ መጽሔቶቻችን በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት፣ የየራሳቸው ሥርዓት ባላቸው የመጻፊያ ፕሮግራሞች ተጽፈዋል። እነዚያን ፋይሎች ዛሬ ስትከፍቷቸው የማይነበብ ምልክት ታያላችሁ። ጠፉ ብላችሁ እንዳትጥሏቸው። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ ስሞቹ ውስጡ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ከስሙ አጠገብ ወዳሉት ሰዎች እንምጣ። ስሟን ያገኘች ሴት ቀጥሎ የምትፈልገው የክፍሏን ልጆች ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ገጽ ወደ ሌሎች ሰዎች መክፈት አለበት፤ ወደ 12ሀ ክፍል፣ ወደ መረብ ኳስ ቡድኑ፣ ወደ ድራማ ክበቡ፣ እዚያው ወደተማሩ እኅትና ወንድሞች። ከሁሉ በላይ ወደ መምህሩ። በየትምህርት ቤታችን 30 ዓመት ያስተማሩ ሰዎች አሉ፤ በክብር ሰሌዳ ላይ ስማቸው የሚገኘው ጡረታ ሲወጡ ከተሰጣቸው ካባ ፎቶ ሥር ነው፣ ያውም ፎቶው ከተቀመጠ። በዲጂታል ሰሌዳ የአንዲት የሒሳብ መምህርት ገጽ ሲከፈት ያስተማረቻቸው በሙሉ በዓመት በዓመት መዘርዘር ይችላሉ፤ ሐኪሙ፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴዋ፣ ራሷም መምህርት የሆነችው። ይህን እምነበረድ አይችለውም። አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ገጽ ነው። ከልቤ ነው የምላችሁ።

ማን ይከበር የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። እስካሁን ሰሌዳዎቻችን የሚያውቁት 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ የወጡትን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። የክብር ሰሌዳው በውጤት ብቻ የሚሞላ ከሆነ እነዚያ ትምህርት ቤቶች ባዶ ሰሌዳ ሊሰቅሉ ነው። እዚያ ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ አንድም ቀን ያልቀረ ልጅ አለ። ወንድሙን እየደገፈ የሚያስጠና አለ። ቤተ መጻሕፍቱን ያደራጀች፣ ችግኙን ተክላ ያጸደቀች አለች። ዘበኛው አለ፣ የምገባ እናቶቹ አሉ። በወረቀት ሰሌዳ ቦታ ጠባብ ስለሆነ መምረጥ ግድ ነበር፤ በስክሪን ግን የቦታ ጥበት የለም። ውጤቱን አትቀንሱበት፤ ሌላውን ጨምሩበት። ተማሪዎች ራሳቸው "ይህ ልጅ ይገባዋል" ብለው ምክንያቱን ጽፈው የሚጠቁሙበት ቦታ ብትከፍቱ የማታውቁትን ትምህርት ቤት ታያላችሁ።

ለጋሾችን በተመለከተም አንድ ቃል ልበል፤ በተለይ ከሆስፒታልና ከማኅበራት ለመጣችሁ። ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ ብሎ በገንዘብ መጠን መደርደር የተለመደ ነው። ስሙ ሲነካ ግን መጠኑን ከማሳየት ገንዘቡ የሠራውን ማሳየት ይሻላል፤ ይህ የውኃ ጉድጓድ፣ ይህ ማዋለጃ ክፍል፣ ይህ ላቦራቶሪ። መቶ ብር ያዋጡት በርካታ ሰዎችም በዚያው ላቦራቶሪ ሥር ስማቸው ይገኝ።

ሦስተኛው፣ ጎብኚው ጨምሮ እንዲሄድ ማድረግ ነው። የትኛውም ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉ። ሰዎች "መጀመሪያ እንለይና እንሰቅላለን" ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ፤ ሳይለዩ ይሰቀሉ። "በዚህ ፎቶ ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለ?" የሚል ጽሑፍ ይኑርበት። ጎብኚው ፊቱን ይነካል፣ የሚያውቀውን ስም ይጽፋል፣ ስልኩን ይተዋል። የምታሞግስ ሰሌዳ ፊት ሰው አልፎ ይሄዳል፤ የምትጠይቅ ሰሌዳ ፊት ግን በተለይ አዛውንት ቆመው ያወራሉ። አንዱ ስም ሌላውን ይጠራል፣ "ይሄ እኮ የሻምበል ልጅ ነው" ይባላል፣ ታሪኩ ይወጣል።

የተጻፈው ሁሉ ግን ወዲያው ለሕዝብ አይታይ። ሁለት ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይይዘው፤ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በተናጠል ሲስማሙ ስሙ ይውጣ። ኮሚቴው በየሳምንቱ የማይሰበሰብ ከሆነ ይህን ቦታ ባትከፍቱ ይሻላል፤ አስተያየት ሰጥቶ ለወራት መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይመጣም።

ድምፅን የሚያህል ደግሞ የለም። ሚኒ ሚዲያ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ልጆቹን ወደ ጡረተኛ መምህራንና ወደ ቀድሞ ተማሪዎች ላኳቸው፤ በስልክ ይቅዱ። አንድ ሰው፣ አንድ ትዝታ፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ። ኮሪደር ላይ ቆሞ ከዚያ በላይ የሚያዳምጥ የለም። ሰልፍ ላይ ስለተቀጣበት ጠዋት የሚያወራ የ70 ዓመት አዛውንት ድምፅ የ15 ዓመት ልጅን ያስቆማል። ለልጆቹም ራሱ ትምህርት ነው፤ መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ ቆርጦ ማስተካከል ይማሩበታል። ጽሑፉ ከድምፁ ሥር ይሁን፤ መስማት ለማይችሉትም፣ የእረፍት ሰዓት ጫጫታ ለሚያሸንፈውም።

ውጭ ያሉትን አትርሱ። ብዙ የቀድሞ ተማሪዎች በዋሽንግተን አካባቢ፣ በአውሮፓና በገልፍ አገሮች ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ያለው ስክሪን ለእነሱ የለም። በእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ኪውአር ኮድ ይቀመጥ፤ ጎብኚው በስልኩ ወስዶ በቴሌግራም ለጓደኛው ይልካል፤ ጓደኛው ሪያድ ወይም ስቶክሆልም ሆኖ ገጹን ይከፍታል፣ የጎደለውን ይሞላል። ስክሪኑ የሚታይበት መስኮት ብቻ ነው፤ ዋናው ሀብት ዳታው ነው። ለዚህም ነው ሻጩ ዳታውን በተለመደ ፋይል አውጥቶ ሊሰጣችሁ ካልተስማማ አትፈርሙ የምለው።

ስለ ዕቃው በአጭሩ። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት መስኮት ፊት አትስቀሉት፤ አይታይም፣ በኢንፍራሬድ የሚሠሩት ስክሪኖች ደግሞ በፀሐይ ብርሃንና በአቧራ ንክኪያቸው ይዛባል። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች መመዘኛ እጅ የሚደርስበትን ከፍታ ከ38 እስከ 122 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ይወስናል፤ ይህ በተሽከርካሪ ወንበር ላለ ሰው የተለካ ነው፣ ለአንደኛ ክፍል ልጅም ይጠቅማል። ፎቶው ከላይ ቢሆን ችግር የለውም፤ የሚነኩት ቁልፎች ግን ወደ ታች ይሁኑ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም የሚሠራ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ሳይነካው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚመለስ ይሁን። ሰው ትቶት ከሄደ በአንድ ደቂቃ ገደማ ራሱ ወደ መጀመሪያው ይመለስ። ተማሪው ወደ ዴስክቶፕ ወጥቶ ጌም እንዳይጭንበት መቆለፍም የአይሲቲ ክፍሉ ሥራ ነው።

አሁን የምናገረው ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። እነዚህ ልጆች ናቸው። ስምና ፎቶ በአንድነት፣ ከነክፍላቸው፣ በአደባባይና በኢንተርኔት ላይ ማውጣት ኃላፊነት አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕግም ጉዳይ ነው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ በምዝገባ ወቅት ከሌሎች ቅጾች ጋር ቢሞላ ቀላል ነው። በትምህርት ላይ ያሉት በኮሪደሩ ስክሪን ብቻ ይታዩ፤ ወደ ድረ ገጹ የሚሄዱት ከተመረቁ በኋላ ራሳቸው ሲፈቅዱ ነው። "ስሜን አንሡልኝ" ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅ።

ከዚህ የከበደም አለ። የ1960ዎቹን መጨረሻ ክፍሎች ስትከፍቱ ከአንድ ፎቶ ውስጥ ስንቱ እንደተገደለ፣ ስንቱ እንደጠፋ ታያላችሁ። በመስቀል አደባባይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ግድግዳዎቹ በወጣቶች ፎቶ ተሞሉ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። እዚያ ጎብኚውን ከሚያስጎበኙት መካከል ራሳቸው ከእስርና ከግርፋት የተረፉ ሰዎች አሉ። በዚያ ግድግዳ ላይ አንድም ስክሪን ባይኖር ምንም አይጎድልበትም፤ ጠይቃችሁ የሚመልስላችሁ፣ ያየ ሰው አጠገባችሁ ቆሟል። በእናንተም ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ባች ገጽ ሲዘጋጅ ቤተሰብ ይጠየቅ፣ ምን እንደሚጻፍ እነሱ ይወስኑ። ስክሪኑ በሚመረቅበት ቀንም፣ በየዓመቱ በወላጆች ቀንም፣ ከአጠገቡ የሚያስረዳ ሰው ይቁም። ሰው ባለበት ቦታ ስክሪን ረዳት መሆን ነው ያለበት።

ስክሪኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ ስንት ሰው ነካው የሚለውን ቁጥር ብዙ አትመኑት። ልጆች በእረፍት ሰዓት ሲጫወቱበት ይውላሉ፤ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ትርጉሙ ትንሽ ነው። ፕሮግራሙ ተፈልገው ያልተገኙ ስሞችን ግን እንዲመዘግብ አድርጉ። በየወሩ መጨረሻ ያንን ዝርዝር አትማችሁ ለመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ስጧት። አንዳንዱ የፊደል ግድፈት ነው። አንዳንዱ የማታ ተማሪ ነው፤ የማታው ሮስተር በሌላ ቁም ሣጥን ስለነበር አልገባም። አንዳንዱ ሳይመረቅ አቋርጦ የሄደ ነው፤ ሰሌዳው የተመራቂዎችን ብቻ ስለያዘ እሱ የለም፤ እሱ ግን ሦስት ዓመት እዚያ ተምሯል፣ ትምህርት ቤቴ ብሎ መጥቶ ስሙን ፈልጓል። ይህ ዝርዝር ሰሌዳው ማንን እንደረሳ በስም ይነግራችኋል።

ለመጀመር ስክሪን አያስፈልጋችሁም። አንድ አሥር ዓመት ምረጡ። ሮስተሮቹን ከመዝገብ ቤት አውጥታችሁ በስልክ ካሜራ አንሡ፤ ገጹ ሳይቆረጥ፣ በቀን ብርሃን። በኤክሴል ላይ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ክፍል፣ ዓመተ ምሕረት እያላችሁ ለየብቻ ዓምድ ሙሉ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለት ወር የክረምት እረፍት ይጨርሱታል፤ አንድ መምህር ቢቆጣጠራቸው። ከዚያ በተራ ላፕቶፕ ላይ ከዚያ ዘመን አምስት የቀድሞ ተማሪዎችን ጋብዛችሁ "ራስዎን ያግኙ" በሏቸው። አታግዟቸው፣ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አንዳቸው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካላገኙ የት ላይ እንደተቸገሩ ጻፉ፣ አስተካክሉ፣ ሌሎች አምስት ጥሩ። ስክሪን የምትገዙት ከዚያ በኋላ ነው።

የወረቀት ሮስተሮች ከእርጥበትና ከአይጥ ጋር ናቸው፤ በየዓመቱ የሚጠፉት ገጾች አይመለሱም። ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ሥራ ካለ፣ ፎቶ ማንሣቱን ከመጪው ክረምት አታሳልፉት። የድሮ ፋይል በፓወር ግዕዝ ያላችሁ፣ ወይም የስም አጻጻፉን ማጠቃለያ ሠንጠረዥ የምትፈልጉ፣ ከሻይ እረፍቱ በኋላ እዚሁ ከፊት ወንበር እቆያለሁ፤ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንየው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።